የበረራ መምህራን መምህር፤ የሮበርት ስሚዝ ባሪ ሕይወትና ሥራ

አንድን ሙያ አሳምሮ ማወቅና ያንኑ ሙያ ለሌላው ማሳወቅ ሁለት የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው። ይህ እውነት በማንኛውም የሥራ መስክ ቢነገር የሚከራከርበት ሰው አይገኝም፤ ነገር ግን በቃል የሚቀበለው ሁሉ በሥራ አይፈጽመውም። ጥሩ አናጢ የነበረ ሰው በማግሥቱ የአናጢዎች አስተማሪ ይደረጋል፤ በሥራው የተመሰገነ መሐንዲስም ያለ አንዳች ዝግጅት የአዲስ ምሩቃን ኃላፊ ሆኖ ይመደባል። በአብዛኛው ሙያ የዚህ ዓይነቱ ስሕተት ዋጋ ቶሎ አይታይም፤ የተበላሸ ቁሳቁስ፣ የባከነ ጊዜ፣ ተስፋ የቆረጠ ወጣት ሆኖ ተበታትኖ ይቀራል። በአውሮፕላን በረራ ግን ዋጋው በዚያው ዕለት፣ በዚያው ሜዳ ላይ፣ በሰው ሕይወት ተከፍሎ ይታያል። ስለዚህም ማስተማር ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን በሥራ ካሳዩት ሰዎች አንዱ ከአብራሪዎች መካከል መነሣቱ አያስደንቅም።

ይህ ሰው ሮበርት ስሚዝ ባሪ ነው። ስሙ እንደ ታላላቆቹ የጦር አብራሪዎች በየሰው አፍ የሚነገር ባይሆንም፣ በበረራ ሙያ ውስጥ ላሉ ሰዎች እንግዳ አይደለም። ዛሬ በትንሽ አውሮፕላን ተቀምጦ ከመምህሩ ጋር የመጀመሪያ ትምህርቱን የሚጀምር ወጣት፣ በየትኛውም አገር ቢሆን፣ ስሚዝ ባሪ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ባበጀው ሥርዓት ውስጥ ይገባል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትውልዱና የመጀመሪያ በረራው

ስሚዝ ባሪ የተወለደው በ1886 ሲሆን፣ ቤተሰቡ በአየርላንድ ሰፊ ርስት ከነበራቸው ባለጸጎች ወገን ነበረ። የተማረውም ኢተን በተባለው ስመ ጥር የእንግሊዝ ትምህርት ቤት ነው። በረራን የተማረው በ1911፣ የብሪስቶል ኩባንያ በሳልዝበሪ ሜዳ ላይ ላርክሂል በተባለው ስፍራ ከፍቶት በነበረው ትምህርት ቤት ነበረ። የራይት ወንድማማቾች በሞተር ኃይል ከመሬት የተነሡት በ1903 ስለሆነ፣ በዚያን ጊዜ የበረራ ጥበብ ራሱ ገና የ8 ዓመት ልጅ ነበረ።

በዚያ ዘመን በረራ የሚሰጠው ትምህርት ከትምህርት ይልቅ ዕድልን መፈተን ይመስል ነበር። አውሮፕላኖቹ ከእንጨት፣ ከሸራና ከሽቦ የተሠሩ፣ ሞተራቸውም አቅመ ደካማ በመሆኑ፣ ነፋስ ሲነሣ ከመጠለያቸው አይወጡም ነበር። ሠልጣኞች የሚበርሩት አየሩ በረጋበት ሰዓት፣ ማለትም ጎሕ ሲቀድና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብቻ ነበር። በብዙዎቹ አውሮፕላኖች መሪው አንድ በመሆኑ፣ ሠልጣኙ ከመምህሩ ኋላ ተቀምጦ በትከሻው ላይ እጁን አሳልፎ የመሪውን ዘንግ በመያዝ እንቅስቃሴውን ለመገንዘብ ይሞክራል። የሞተሩ ጩኸት ንግግርን ስለማይፈቅድ፣ መምህሩ ማስረዳት ሲፈልግ ወይ ሞተሩን ቀንሶ ይጮኻል፣ ወይም በእጁ ምልክት ይሰጣል። ጥቂት ጊዜ በዚህ ዓይነት ከተመላለሱ በኋላ ሠልጣኙ ብቻውን ይለቀቃል። የሚሰጠውም ምክር በአብዛኛው የክልከላ ዝርዝር ነበረ፤ አጥብቀህ አትዙር፣ አፍንጫውን አታንሣ፣ በነፋስ ቀን አትነሣ የሚል። እነዚህ ነገሮች ለምን አደገኛ እንደ ሆኑና በድንገት ቢደርሱ እንዴት እንደሚወጣባቸው የሚያስረዳ አልነበረም፤ መምህራኑ ራሳቸው በውል አያውቁትም ነበርና።

በ1912 የእንግሊዝ መንግሥት ንጉሣዊውን የበረራ ጓድ አቋቋመ፤ በዚያው ዓመትም ኡፓቨን በተባለው ስፍራ ማዕከላዊ የበረራ ትምህርት ቤት ከፈተ። ስሚዝ ባሪ ወደዚያ ከገቡት የመጀመሪያ ሠልጣኞች አንዱ ነበረ። ከዚሁ የመጀመሪያ ቡድን ጋር ሂዩ ትሬንቻርድ የተባለ በዕድሜ የገፋ መኰንን ነበረ፤ ይህ ሰው ኋላ በፈረንሳይ የሚዋጋው የእንግሊዝ የበረራ ጓድ አዛዥ ሆነ። የሁለቱ ትውውቅ ከዓመታት በኋላ ለብዙ ወጣቶች ሕይወት ምክንያት ይሆናል።

የ1914 አደጋ

ጦርነቱ በነሐሴ 1914 ሲጀመር ስሚዝ ባሪ ከመጀመሪያዎቹ ስኳድሮኖች ጋር ወደ ፈረንሳይ ዘመተ። ገና ከጠላት ጋር ሳይገናኝ፣ ፔሮን በተባለችው ከተማ አጠገብ ቢ ኢ 8 የተባለው አውሮፕላኑ ወደቀ። አብሮት የነበረው ወታደር ሞተ፤ የእሱም ሁለት እግሮች ተሰበሩ። ከሞት ቢተርፍም ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ እያነከሰ በከዘራ ተደግፎ ሄደ።

ለብዙ ሰው እንዲህ ያለው አደጋ የበረራ ሕይወት መደምደሚያ በሆነ ነበር። ስሚዝ ባሪ ግን ከሕክምና በኋላ ወደ አውሮፕላን ተመለሰ፤ በእግሩ መሄድ እያስቸገረው በእግር የሚረገጠውን መሪ ግን አልተወም። በ1916 የጸደይ ወራት ጎስፖርት በተባለው የደቡብ እንግሊዝ የወደብ ከተማ አጠገብ 60ኛው ስኳድሮን ሲቋቋም ከመኰንኖቹ አንዱ ሆኖ ተመደበ።

60ኛው ስኳድሮን

ስኳድሮኑ ወደ ፈረንሳይ የተሻገረው በግንቦት 1916 ነበረ። የታጠቀውም ሞራን የተባሉትን የፈረንሳይ አውሮፕላኖች ነው፤ እነዚህም ፈጣን ቢሆኑም ለመምራት እጅግ አስቸጋሪ በመሆናቸው የታወቁ ነበሩ። ሐምሌ 1 ቀን የሶም ጦርነት ተጀመረ። በሦስተኛው ቀን የስኳድሮኑ አዛዥ ከበረራ ሳይመለስ ቀረ፤ ስሚዝ ባሪም በሻለቃነት ቦታውን ተረከበ። ውጊያው ከጀመረ በአንድ ወር ያህል ጊዜ ውስጥ ስኳድሮኑ ከደረሰበት ጉዳት የተነሣ ከግንባር ተነሥቶ እንዲያርፍ ትሬንቻርድ አዘዘ። ወደ ውጊያ የተመለሰው ኒዩፖር የተባሉትን የተሻሉ አውሮፕላኖች ይዞ ነው። ኋላ ስሙ የገነነው ወጣቱ አብራሪ አልበርት ቦልም በዚያን ጊዜ በስሚዝ ባሪ ሥር አገልግሏል።

የአዲሱን አዛዥ ዕረፍት የነሣው ግን የጠላት ጥንካሬ ብቻ አልነበረም። የሞቱትን ለመተካት ከእንግሊዝ የሚላኩት ወጣቶች ሁኔታ ነበር። ብዙዎቹ በጠቅላላው ከ20 ሰዓት ያነሰ በረራ ይዘው ይመጡ ነበር። ይህም ጥቂት ሰዓት የተገኘው በዝግተኛና በገራገር የማሠልጠኛ አውሮፕላኖች ስለ ሆነ፣ በግንባር የሚጠብቃቸውን ፈጣን አውሮፕላን ለመምራት አያበቃቸውም። አጥብቆ መዞር፣ በነፋስ ማረፍ፣ ከእሽክርክሪት መውጣት ምን እንደ ሆነ የሚያውቁት በስም ብቻ ነበር። ወጣቶቹ ደፋሮች ነበሩ፤ ድፍረት ግን ያልተማሩትን አይተካም። አንዳንዱ ጠላት ሳያይ በገዛ አውሮፕላኑ ይሞታል፤ አንዳንዱም ሐሳቡ ሁሉ አውሮፕላኑን በአየር ላይ በማቆየት ስለተያዘ፣ ጠላት ከኋላው ሲቀርብ አያይም።

ስሚዝ ባሪ እነዚህን ልጆች ወደ ውጊያ መላክ ከጦር ግዴታ ይልቅ ያለ ፍርድ መግደልን የሚመስል ሥራ ሆኖ ታየው። በ1916 መጨረሻም ለትሬንቻርድ ደጋግሞ ጻፈ። ደብዳቤዎቹ ልቅሶ ብቻ አልነበሩም፤ ጉድለቱ ከሠልጣኙ ሳይሆን ከአሠልጣኙ የሚመነጭ መሆኑንና እንዴት ሊታረም እንደሚችል የሚያሳዩ ነበሩ። ትሬንቻርድ በቁጡነቱ የታወቀ አዛዥ ቢሆንም፣ የበታቹን ወቀሳ እንደ ድፍረት አልቆጠረበትም። ይልቁንም ያሰበውን በሥራ እንዲያሳይ ወደ እንግሊዝ ላከው። በ1916 ማብቂያ ስሚዝ ባሪ በጎስፖርት የነበረውን አንደኛ የተጠባባቂ ስኳድሮን ተረከበ።

የመምህራኑ ሁኔታ

በጎስፖርት የተሠራውን ለመገንዘብ፣ በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ የበረራ መምህር ይሆን የነበረው ማን እንደ ነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። ከፊሎቹ በግንባር ተዋግተው፣ ቆስለው ወይም ነርቫቸው ዝሎ ለዕረፍት የተመለሱ ነበሩ። ሌሎቹ ደግሞ ትምህርታቸውን ጨርሰው ጥቂት ሳይቆዩ፣ ያልጠነከረ ዕውቀታቸውን ለሌላ እንዲያካፍሉ የተያዙ ወጣቶች ነበሩ። ለግንባር አይሆኑም ተብለው የቀሩም አልጠፉም። በአብዛኛው ማስተማር እንደ ቅጣት ወይም እንደ መጠባበቂያ ይቆጠር ነበር እንጂ፣ እንደ ሙያ የሚያየው አልነበረም። መምህራኑ ለሠልጣኞች የጠላትን የጀርመኖችን የቅጽል ስም እስከ ማውጣት ደርሰው ነበር፤ አውሮፕላን በመስበር ከጠላት ይብሳሉ ለማለት ነው።

ከዚህ ስም ጀርባ ያለው ፍርሃት ነው። መምህሩ ሠልጣኙን ይፈራዋል፤ ምክንያቱም ሠልጣኙ ቢሳሳት ስሕተቱን የሚያርምበት ዕውቀት በእጁ እንደሌለ ያውቃል። ስለዚህ መሪውን አይለቅም፤ ሠልጣኙም ሳይነካው ይማራል ተብሎ ይጠበቃል። ፍርሃት ደግሞ ተላላፊ ነው። ከሚፈራ ሰው የተማረ ሰው አስቀድሞ የሚማረው ፍርሃትን ነው። ስሚዝ ባሪ ከሁሉ በላይ ያስተዋለው ይህንን ነበር።

የጎስፖርት ዘዴ

በጎስፖርት የተደረገው ለውጥ ሲታይ ቀላል ይመስላል። በመጀመሪያ ሠልጣኙ ብቻውን ሲበርር በሚቀመጥበት ወንበር ላይ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንዲቀመጥ ተደረገ፤ መምህሩ ወደ ሌላው ወንበር ተዛወረ። ሁለቱም የተሟላና የተያያዘ መሪ አላቸው። ስለዚህ ሠልጣኙ ብቻውን በሚወጣበት ቀን ዓይኑ የለመደው እይታ፣ እጁም የለመደው ዘንግ አይለወጥበትም። በሁለተኛ ደረጃ፣ በመምህሩ አፍና በሠልጣኙ ጆሮ መካከል የንግግር ቱቦ ተዘረጋ። ይህ ተራ የጎማ ቱቦ፣ ኤሌክትሪክም ሆነ ሌላ ረቂቅ መሣሪያ ሳያስፈልገው፣ የበረራን ትምህርት ከምልክትና ከጩኸት አውጥቶ ወደ ንግግር አሻገረው። መምህሩ ድርጊቱን እያሳየ በዚያው ቅጽበት ስለሚያስረዳ፣ ቃልና እንቅስቃሴ አብረው ይሄዳሉ።

ሦስተኛው የአውሮፕላኑ ምርጫ ነው። የኤ ቪ ሮ ኩባንያ ሥራ የሆነው አቭሮ 504 በ1913 የተነደፈ፣ ሁለት ሰዎች ፊትና ኋላ ሆነው የሚቀመጡበት ባለ ጥንድ ክንፍ አውሮፕላን ነው። ስሚዝ ባሪ የመረጠው 504 ጄ የተባለውን፣ 100 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞኖሱፓፕ ሞተር የተገጠመለትን ነበር። የምርጫው ምክንያት ለመሐንዲስ ትኩረት የሚገባው ነው። ቀደም ሲል ለማሠልጠኛ የሚፈለገው ስሕተትን የሚሸከም፣ ገራገር አውሮፕላን ነበረ። አቭሮው ግን በስሕተት ሲመራ ወዲያው ያስታውቃል፤ እግርና እጅ ካልተስማሙ ይንሸራተታል፤ የአብራሪውንም ጉድለት ፊት ለፊት ያሳየዋል። ሆኖም መምህሩ አብሮት ካለ ስሕተቱ የሚታረምበትን ጊዜ አይነፍግም። ለማስተማሪያ የሚሆን መሣሪያ ስሕተትን የሚሰውር ሳይሆን፣ ሳይገድል የሚገልጥ መሆን እንዳለበት ስሚዝ ባሪ ተረድቶ ነበር።

የሞተሩም ጠባይ ራሱ ትምህርት ነበረ። በዚያ ዓይነት ሞተር ሲሊንደሮቹ ከፕሮፔለሩ ጋር አብረው ስለሚሽከረከሩ፣ ከባዱ ተሽከርካሪ አካል አቅጣጫው ሲለወጥ ይቃወማል። ከዚህም የተነሣ አውሮፕላኑ ወደ ቀኝ ሲዞር አፍንጫው ቁልቁል፣ ወደ ግራ ሲዞር ደግሞ ሽቅብ ይላል። ይህን ያልተነገረው ሠልጣኝ አውሮፕላኑ አመፀብኝ ብሎ ይደነግጣል፤ የተነገረውና ከመምህሩ ጋር የሞከረው ግን በእግሩ እያረመ ይዞራል። በግንባር የሚጠብቁት ብዙ የውጊያ አውሮፕላኖችም በዚሁ ዓይነት ሞተር ይሠሩ ስለ ነበር፣ ዕውቀቱ ከአቭሮው ጋር አይቀርም።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ ግን የዘዴው ፍሬ ነገር ለአደጋ ያለው አመለካከት ነው። አሮጌው ትምህርት ሠልጣኙን ከአደጋ ያርቅ ነበር፤ የጎስፖርት ትምህርት ከመምህሩ ጋር ሆኖ ወደ አደጋው ያስገባውና ተመልሶ መውጫውን ያሳየዋል። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል እንደሚባለው፣ ሲሸሹት የነበረው እሽክርክሪት ብዙ ወጣቶችን ይገድል የነበረው ባላወቁትና በፈሩት መጠን ነበር።

ክንፍ አውሮፕላኑን የሚሸከመው አየሩ ገጹን ተከትሎ ሳይላቀቅ ሲፈስስ ነው። አፍንጫው ከልክ በላይ ሲቀና፣ ክንፉ ከሚመጣው አየር ጋር የሚሠራው ማዕዘን ወሰኑን ያልፋል፤ ፍሰቱ ከክንፉ ገጽ ይላቀቃል፤ የመሸከም ኃይሉም በብዙ ይቀንሳል። በዚያ ቅጽበት አውሮፕላኑ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ፣ አንደኛው ክንፍ ከሌላው ይበልጥ ኃይል ስለሚያጣ፣ አውሮፕላኑ በዚያው ወገን እየተሽከረከረ ይወርዳል። መሬት እየተሽከረከረች ስትቀርብ የሰው ተፈጥሮ ዘንጉን ወደ ራስ እንዲስብ ያስገድዳል፤ ይህ ግን ማዕዘኑን ይበልጥ ያብሳል። መዳኛው ከተፈጥሮ ትእዛዝ ተቃራኒ ነው፤ እግርን ከእሽክርክሪቱ በተቃራኒ ወገን መርገጥ፣ ዘንጉን ወደ ፊት መግፋት፣ ክንፉ አየሩን መልሶ ሲይዝም በእርጋታ ከመውረድ መውጣት።

በነሐሴ 1912 ዊልፍሬድ ፓርክ የተባለ የባሕር ኃይል መኰንን በዚያው በላርክሂል ላይ በተቃራኒ እግር ረግጦ ከእሽክርክሪት ሊወጣ ችሎ ነበር። በ1917 ደግሞ ፍሬደሪክ ሊንደማን የተባለው የፊዚክስ ሊቅ በፋርንቦሮ የምርምር ጣቢያ ራሱ እያበረረ፣ በእሽክርክሪት ውስጥ ሆኖ የመሣሪያዎቹን ንባብ በመመዝገብ የነገሩን ምንነት በልኬት አረጋገጠ። ሊንደማን ለሳይንስ የፈጸመውን ስሚዝ ባሪ ለትምህርት አደረገው፤ እሽክርክሪት ከጸሎትና ከዕድል ወጥቶ፣ ከፍታ ላይ ወጥተው የሚደጋግሙት ልምምድ ሆነ። በነፋስ ጎን ማረፍ፣ አጥብቆ መዞር፣ ወደ ጎን ተንሸራትቶ ከፍታ መቀነስ፣ ሞተር ጠፍቶ ሜዳ መርጦ መውረድ ሁሉ በተራቸው በትምህርቱ ውስጥ ገቡ።

ስሚዝ ባሪ ከዚህ ጋር ሌላ ልማድ ሻረ። ቀድሞ ሠልጣኙ አንድ ጊዜ ብቻውን ከበረረ በኋላ ወደ መምህሩ አይመለስም ነበር። በጎስፖርት ግን ብቻውን መብረርና ከመምህሩ ጋር መብረር እየተፈራረቁ እስከ ትምህርቱ መጨረሻ ይቀጥላሉ፤ ሠልጣኙ ብቻውን ሲወጣ ያጠራቀመው መጥፎ ልማድ ሥር ሳይሰድድ ይታረማል ማለት ነው። ትምህርቱንም ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ ከመከታተል ይልቅ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ስፍራ እንዲፈጸም አደረገ።

ጥንድ መሪ ከስሚዝ ባሪ በፊት ነበረ፤ ከእሽክርክሪት የመውጣትን ዘዴም ያገኘው ሌላ ሰው ነው። የእሱ ድርሻ እነዚህን የተበታተኑ ነገሮች በአንድ ሐሳብ አስተሳስሮ፣ ከአንድ ጎበዝ መምህር ወደ ማንኛውም መምህር ሊተላለፍ የሚችል ሥርዓት ማድረጉ ነው።

የመምህራን ትምህርት ቤት

ሥርዓቱ ሊተላለፍ እንዲችል ደግሞ መምህሩን ማስተማር ግድ ነበረ። በሚያዝያ 1917 በአራስ ጦርነት እንግሊዞች በአንድ ወር ውስጥ 245 ያህል አውሮፕላኖችን አጡ፤ ከጠፉት አብራሪዎችም ብዙዎቹ ገና አዲስ ነበሩ። የሥልጠናው ጉዳይ ከዚህ በኋላ ሊዘገይ የሚችል አልነበረም። በነሐሴ 1917 የጎስፖርቱ ክፍል ልዩ የበረራ ትምህርት ቤት ተብሎ ተሰየመ፤ ዋና ተግባሩም የበረራ መምህራንን ማፍራት ሆነ።

ወደዚህ ትምህርት ቤት የሚመጡት አብራሪዎች እንበርራለን ብለው የሚያምኑ ነበሩ። የመጀመሪያው ሥራ ይህንን እምነት መመርመር ነበረ። በግንባር የተዋጋ አብራሪ በልማድ የሚሠራውን ነገር ለምን እንደሚሠራው ሲጠየቅ መልስ ያጣል፤ እጁ የሚያውቀውን አፉ አያውቅም። ስለዚህ ዕጩው መምህር እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ወደ ክፍሎቹ በትኖ፣ ምክንያቱን በአጭር ቃል ገልጦ፣ ቃሉን ከድርጊቱ ጋር አስማምቶ መናገርን ይማራል። የትምህርቱ ቅደም ተከተልና የአነጋገሩ ሥርዓት በአጭር መመሪያ ተጽፎ ለመምህራን ተሰጠ። መምህሩ በቅድሚያ ያሳያል፤ ቀጥሎ ሠልጣኙ እጁን በመሪው ላይ አሳርፎ ይከተላል፤ ከዚያ ሠልጣኙ ራሱ ይሠራል፣ መምህሩም ይጠብቃል።

የመጨረሻው ቃል፣ መጠበቅ፣ የሥራው ከባዱ ክፍል ነው። ሠልጣኙ ከስሕተቱ እንዲማር ስሕተቱን እስከ መጨረሻው እንዲያየው ያስፈልጋል፤ ከልክ ካለፈ ግን ሁለቱም ይሞታሉ። በእነዚህ ሁለት ወሰኖች መካከል የሚቆየው የራሱን አቅም ጠንቅቆ የሚያውቅ መምህር ብቻ ነው። አውሮፕላኑ በምንም ዓይነት ሁኔታ ላይ ቢገኝ ሊያወጣው እንደሚችል ያረጋገጠ ሰው እጁን ከመሪው አንሥቶ መቀመጥ ይችላል። ስሚዝ ባሪ መምህራኑን አስቸጋሪ በረራ በብርቱ ያለማመዳቸው ለዚህ ነበር።

ከበረራው ባሻገር የመምህሩ ክብር እንዲመለስ ጥሯል። በጎስፖርት መምህር መሆን የቅጣት ምድብ መሆኑ ቀርቶ ጎበዞች የሚሹት ቦታ ሆነ። ሠልጣኙም የጠላት ቅጽል የሚለጠፍበት ሳይሆን፣ የመምህሩ ሥራ የሚለካበት ሰው ሆኖ መታየት ጀመረ።

በ1918 ተመሳሳይ የመምህራን ትምህርት ቤቶች በልዩ ልዩ የእንግሊዝ ክፍላተ ሀገር ተከፈቱ። በካናዳም በቶሮንቶ አጠገብ አርመር ሃይትስ በተባለው ስፍራ በዚሁ ዘዴ የሚሠራ ትምህርት ቤት በዚያው ዓመት ተቋቋመ። ከጦርነቱ በኋላ በ1920 የኡፓቨኑ ማዕከላዊ የበረራ ትምህርት ቤት ራሱ የመምህራን ማሠልጠኛ ሆኖ እንደገና ተደራጀ። በአሜሪካም የንግግር ቱቦው እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ አገልግሏል፤ ስሙም በቀጥታ ከከተማዋ ተወስዶ ጎስፖርት ይባል ነበር። የትምህርቱ መሣሪያ አቭሮ 504ም በሺህ በሚቆጠር ብዛት ተሠርቶ፣ ጦርነቱ ካለቀ ከብዙ ዓመት በኋላ እንኳ ሲያስተምር ኖሯል።

ጠባዩና የኋላ ዘመኑ

ስሚዝ ባሪ ለአለቆቹ የሚመች ሰው አልነበረም። የቢሮ ወረቀትና የሥርዓት ብዛት ያሰለቸው ነበር፤ የመሰለውንም ከመናገር አይመለስም። ይህ ጠባይ ለትሬንቻርድ እንዲጽፍ ያስቻለው ሲሆን፣ በሰላም ጊዜ ግን በሠራዊቱ ውስጥ ከፍ ወዳለ ቦታ የሚያደርስ አልሆነም። በጦርነቱ ዘመን ሌተና ኮሎኔል ሆነ፤ የአየር ኃይል መስቀል የተባለውንም ኒሻን ተሸለመ። ከጦርነቱ በኋላ ከሠራዊቱ ወጣ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ዕድሜው ከ50 በላይ ቢሆንም፣ ከቀድሞው ማዕረጉ ዝቅ ባለ ማዕረግ እንደገና ለማገልገል ተመለሰ። በ1949 በደቡብ አፍሪካ በደርባን ከተማ ሞተ።

ትሬንቻርድ ከዚህ ሰው ሥራ የዓለም አየር ኃይሎች ሁሉ መብረርን እንደ ተማሩ ይመሰክር ነበር። ምስክርነቱ የወዳጅ ይሁን እንጂ ከእውነት የራቀ አይደለም። የጎስፖርት ዘዴ በሥልጠና ላይ የሚደርሰውን ሞት አላስቀረም፤ በደካማ አውሮፕላን፣ በጦርነት ጥድፊያ የሚደረግ ሥልጠና ያለ ጉዳት ሊፈጸም አይችልም ነበር። የለወጠው የሞቱን ትርጉም ነው። ቀድሞ የሠልጣኝ ሞት የዕድሉ ጉዳይ ተደርጎ ይታለፍ ነበር፤ ከጎስፖርት በኋላ ግን እንዴት ተማረ፣ ማንስ አስተማረው የሚል ጥያቄ ያስነሣል።

ዛሬ ላይ የቀረው

ዛሬ በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ሥርዓት መሠረት የበረራ መምህርነት ከአብራሪነት ፈቃድ የተለየ የራሱ ብቃት ያስፈልገዋል። ብዙ ሺህ ሰዓት የበረረ ሰው እንኳ ይህን ብቃት ሳያገኝ በመምህርነት ሊቀመጥ አይችልም። እንደ ሴስና 172 ባሉ ትናንሽ አውሮፕላኖች ሠልጣኙ የሚቀመጠው በግራ ስለሆነ፣ ዕጩው መምህር ለዓመታት የለመደውን ወንበር ትቶ በቀኝ ተቀምጦ፣ በሌላ እጁና በሌላ እይታ መብረርን እንደ አዲስ ይማራል። እየበረረ መናገርን፣ እየተናገረ ማዳመጥን፣ መሪው በማን እጅ እንዳለ በግልጽ ቃል እየተቀባበሉ መሥራትን ይለማመዳል። በአሜሪካ ሕግ ለተራ የግል አብራሪ የእሽክርክሪት ልምምድ ግዴታ አይደለም፤ ለአውሮፕላን በረራ መምህርነት ለሚቀርበው ዕጩ ግን ግዴታ ነው። የዚህ ልዩነት ምክንያት ከ1917ቱ ጎስፖርት ጋር አንድ ነው፤ መምህሩ ሠልጣኙ ሊያደርሰው ከሚችለው ስፍራ ሁሉ መመለስን ማወቅ አለበት።

የስሚዝ ባሪ ሕይወት ለሌላም ሙያ የሚነግረው አለ። አንድ ሙያ ዕድሜ የሚኖረው ጎበዞች ስላሉት ብቻ አይደለም፤ ጎበዞቹ የሚያውቁትን ወደ ቃልና ወደ ሥርዓት ለውጠው ለሚከተላቸው ሲያስረክቡ ነው። በሥራ ቦታ አዲሱን ምሩቅ የሚቀበል ነባር ባለሙያ ሁሉ በአንድ መልኩ በመምህሩ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ወጣቱን ከከባድ ሥራ እያራቀ ቢያቆየው፣ ወይም መሪውን ከእጁ ሳይለቅ ሁሉን ራሱ ቢሠራ፣ ለጊዜው አደጋ ይቀንስ ይሆናል፤ ነገር ግን ወጣቱ ብቻውን በሚቆምበት ቀን የሚጠብቀውን አደጋ አያስቀርለትም። ከባዱን ሥራ አብሮት ገብቶ መውጫውን ያሳየው ወጣት ግን፣ በተራው ሌላውን ይዞ ሊገባ ይችላል። በከዘራ ተደግፎ የሚሄደው ሻለቃ በጎስፖርት ሜዳ ላይ የደከመው ይህ ቅብብል እንዳይቋረጥ ነበር።